ጠብቆ አልገባ ያለ የኔትወርክ ካርድ፦ የት ላይ ነው የቆመው?

አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው አንድ ቀን ከጎኑ ያለውን ጠባብ አፍ ማየቱ አይቀርም። አንዳንዱ የፍሎፒ ዲስክ ቦታ ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ የንፋስ መውጫ ነው ብሎ ያልፈዋል። የፒሲ ካርድ ማስገቢያ ነው። ዋይፋይ ላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ተሠርቶ መምጣት ሳይጀምር ሰው ኔትወርክ የሚያገኘው እዚህ አፍ ውስጥ ካርድ ሰክቶ ነበር። የድሮ ቲንክፓድ፣ የድሮ ዴል ላቲቲውድ፣ የድሮ ቶሺባ ላይ ታገኙታላችሁ።

እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ከቁም ሳጥን ወጥቶ፣ ካርድ ተፈልጎለት፣ ካርዱ አልገባ ሲልስ? አብዛኛው ሰው ይገፋዋል። እምቢ ሲል በአውራ ጣት፣ ከዚያ በመዳፍ። ኧረ ተዉ! ካርዱ የቆመበት ቦታ ምን እንዳቆመው ይናገራል። አፉ ላይ የሚቆም ካርድ፣ መሀል መንገድ የሚቆም ካርድ እና ልትጨርሱ ስትሉ የሚቆም ካርድ በሽታቸው የተለያየ ነው። መግፋት የሚያድነው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነው፣ እሱንም በልኩ።

መጀመሪያ ልኩን እንወቅ። ፒሲኤምሲአይኤ የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 ተቋቁሞ በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያውን መስፈርት አወጣ። የካርዱ ርዝመት 85.6 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 54 ሚሊሜትር ነው። የኤቲኤም ካርዳችሁን አውጡና አጠገቡ አድርጉት፤ ቁመትና ስፋታቸው አንድ ነው። የሚለያዩት በውፍረት ነው። ዓይነት አንድ 3.3 ሚሊሜትር፣ ዓይነት ሁለት 5፣ ዓይነት ሦስት 10.5። የኔትወርክ ካርድ በአብዛኛው ዓይነት ሁለት ነው። ሦስቱም ግን ጎንና ጎናቸው ላይ እኩል 3.3 ሚሊሜትር ናቸው፤ ማስገቢያው ውስጥ ባለው ሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው ይሄ ጎናቸው ነው። የሚወፍረው ሆዳቸው ነው።

ፒሲ ካርድ ማሽኑ በርቶ እያለ እንዲሰካና እንዲነቀል ሆኖ የተሠራ ነው። እየታገላችሁት ከሆነ ግን ማሽኑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውንም አውጡ። ውስጥ የጎበጠ ፒን (ካርዱን ከማሽኑ ጋር ከሚያገናኙት ቀጫጭን የብረት መርፌዎች አንዱ) ካለ ኤሌክትሪክ ያለበትን ከማይገባው ጋር ሊያገናኝ ይችላል። ያኔ ካርድ ብቻ አይደለም የምታጡት።

አፉ ላይ ሲቆም

ጫፉ እንኳ ሳይገባ የሚቆም ካርድ ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ማሽኑም አልተበላሸም። ሁለቱ አይተዋወቁም እንጂ።

ቀድማችሁ አፉ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ አፋቸው ውስጥ የፕላስቲክ ካርድ ይደረጋል። ቀለሙ ከማሽኑ ጋር ስለሚመሳሰል የላፕቶፑ አካል ይመስላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው እዚያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከአፉ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ጫን በሏት። በብዙ ማሽኖች ላይ የመጀመሪያው ጫን ማለት ቁልፏን ራሷን ብቅ ያደርጋታል፤ ካርዱን የሚገፋው ሁለተኛው ነው። አንዴ ተጭኖ «አይሠራም» ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው።

ቀጥሎ ውፍረቱ። አንዳንድ የኬብል ኔትወርክ ካርዶች፣ ለምሳሌ የዚርኮም ሪልፖርት፣ የኔትወርክ ገመዱ በቀጥታ እንዲሰካባቸው ሲባል ዓይነት ሦስት ሆነው ተሠርተዋል። ገመድ መሰኪያው በ5 ሚሊሜትር ውስጥ አይበቃማ። እነዚህ ካርዶች ከላይና ከታች የተደራረቡ ሁለት አፎችን ቦታ ይይዛሉ። ባለ አንድ አፍ ማሽን ላይ በምንም ተአምር አይገቡም። ቀጫጭኖቹ የኬብል ካርዶች ከጫፋቸው አጭር ገመድ የሚወጣው ለዚሁ ነው። አንድ ሰው ያገለገለ ካርድ ሊሸጥላችሁ ሲመጣ «ገመዷስ?» በሉት። ያለ እሷ ካርዱ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ትንሽ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤክስፕረስካርድ የሚባል ተተኪ መጣ። ካርዱ 34 ወይም 54 ሚሊሜትር ስፋት አለው። የ54ቱ አፍ ከውጭ ሲታይ ከፒሲ ካርድ አፍ ጋር ቁርጥ ነው። ውስጡ ግን ፍጹም ሌላ ነው። የምትለዩት በካርዱ ጫፍ ነው። ፒሲ ካርድ ጫፉን በሙሉ የሚሸፍኑ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 68 ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ኤክስፕረስካርድ ደግሞ በአንድ ረድፍ 26 መገናኛ ብቻ ነው ያለው፣ ሰፊው ዓይነት ቢሆን እንኳ መሰኪያው በኩል ወደ 34 ሚሊሜትር ይጠባል። ላፕቶፓችሁ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠራ ከሆነ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች ላይ ደግሞ የስማርት ካርድ ማንበቢያ የሚባል ሦስተኛ አፍ አለ። ስፋቱ ያው ነው፤ ቀጭን ስለሆነ የኔትወርክ ካርድ አይገባበትም።

መሀል መንገድ ሲቆም

ካርዱ በደንብ ጀምሮ ግማሽ ላይ ከጠበቀ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ነው።

ካርዱን አገላብጡት። ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ከሆነ ሆዱ ላይ የንብረት ቁጥር ተለጥፎበት ይሆናል፤ አንዳንዴ የአዲሱ በአሮጌው ላይ። ሁለትና ሦስት ድርብ ወረቀት እዚህ ቦታ ብዙ ነው። ጠርዙ ተላጦ የተጠቀለለ ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታጠፍና ስታወጡት ይቀረቀራል። ልጡት። የቀረውን ሙጫ በአልኮል ጥረጉት።

ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጥፍራችሁ የካርዱን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱበት። ፒሲ ካርድ በቀጭን የፕላስቲክ ክፈፍ ላይ ከላይና ከታች በሁለት ላሜራ የተሸፈነ ነው። ብዙ ሲሠራ ይሞቃል፤ ወድቆም ያውቃል፤ ያኔ ላሜራው ከክፈፉ ይላቀቃል። በዓይን አይታይም። ጥፍራችሁን ግን ያዝ ያደርገዋል። ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ የተነሳውን ጠርዝ በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ቀጭ ብሎ ከተመለሰ ተገላገላችሁ። ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ብድግ የሚል ከሆነ ያንን ካርድ አታስገቡት። አይገባም አልልም፣ ይገባል። መውጣቱ ነው ችግሩ፤ ላሜራው ውስጥ ያለውን ሐዲድ ይነክሳል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ሰው ብዙም የማይጠረጥረው። ላፕቶፑ አንድ ጊዜ ተፈቶ ከተገጠመ ብሎኖቹ ተቀያይረው ይሆናል። የላፕቶፕ ብሎኖች ሁሉ እኩል አይደሉም። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባ ጫፉ አልፎ የካርዱ ቤት ውስጥ ብቅ ይላል። በስልካችሁ መብራት ወደ አፉ ውስጥ አጮልቁ። የምታብረቀርቅ ነጥብ ካያችሁ ከሥር ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ ላላ አድርጋችሁ ሞክሩ። አንዱ ሲላላ ካርዱ ከገባ ጥፋተኛው ብሎን እሱ ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ ሁሉንም ከመፍታት ይህ ይሻላል።

መጨረሻ ላይ ሲቆም

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ካርዱ ሰተት ብሎ ገብቶ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ሲቀረው ይጠብቃል። ይህ በራሱ ብልሽት አይደለም። ፒኖቹ ያሉት በላፕቶፑ ውስጥ ነው፣ ቀዳዳዎቹ በካርዱ ላይ። ስድሳ ስምንቱም ፒኖች በአንድ ጊዜ ቀዳዳቸው ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቃወማል። ሲደመር እጅ ላይ ይሰማል። ለብዙ ዓመት ምንም ያልተሰካበት ማስገቢያ ደግሞ ይብስበታል። መግፋት የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው። ሁለት አውራ ጣታችሁን በካርዱ ሁለት ጥግ ላይ አድርጉ። አንቴናው ያለበትን መሀሉን አትጫኑ። እኩል፣ ቀስ ብላችሁ። ትክክለኛው ስሜት ጠንከር ያለ ሆኖ ግን ወደፊት የሚሄድ ነው።

አንዱ ጥግ ገብቶ ሌላው ከቀረ ቁሙ። ፒን ጎብጧል ማለት ሊሆን ይችላል።

ድንገት ግድግዳ የነካ ያህል ደርቆ ከቆመ ደግሞ የጥርስ ጉዳይ ነው፤ ጥርስ የምለው የማይሆን ካርድ እንዳይገባ የሚያግደውን ጉጥ ነው። በመጀመሪያ ካርዱ ተገልብጦ እንዳይሆን እዩ፤ ተገልብጦም ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ለዚህ ነው የሚያታልለው። በትክክል ከያዛችሁትና አሁንም ከቆመ የካርዱን ዕድሜ ከማሽኑ ዕድሜ ጋር አስተያዩ። የመጀመሪያዎቹ ፒሲ ካርዶች 16 ቢት ናቸው፣ ብዙዎቹ በ5 ቮልት ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ካርድባስ የሚባለው ባለ 32 ቢቱ መጣ፤ እሱ የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው። ካርድባስ ካርድ የ5 ቮልት ብቻ በሆነ አሮጌ ማስገቢያ ውስጥ ቢገባ ሊቃጠል ይችላል። መሐንዲሶቹ ይህን ስላወቁ የካርዱን ጥግ ቅርጽ ለወጥ አድርገው ሠሩት። በአሮጌው ማስገቢያ ውስጥ መጨረሻ ላይ ጥርሱ ይይዘዋል። ተገላቢጦሹ ግን ይሠራል፤ አሮጌ ባለ 16 ቢት ካርድ በካርድባስ ማስገቢያ ውስጥ ይገባል።

ካርድባስን መለየት ቀላል ነው። መሰኪያው ጫፍ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ትናንሽ እብጠቶች ያሉት ወርቃማ የብረት ቁራጭ አለው። 54 ሜጋቢት የሚሉት የዋይፋይ ካርዶች ካርድባስ ናቸው። ስለዚህ ላፕቶፓችሁ ከ1995 በፊት የተሠራ ከሆነና ወርቃማ ጌጥ ያለው ካርድ ይዛችሁ የምትታገሉ ከሆነ ትግሉ ከጥበቃው ጋር ነው። ይህን ጥርስ በምላጭ ፍቆ ካርዱን ያስገባ ሰው አይጠፋም። ካርዱ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሱ ዕዳ ነው።

ወደ ጎበጠው ፒን እንመለስ። በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ስታዩ ሁለት ረድፍ ይታያችኋል፣ በእያንዳንዱ 34 ፒን። በሁለት ፒኖች መካከል ያለው ርቀት 1.27 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አንዱ ከመስመሩ ከወጣ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ረድፉ እኩል ነዋ። ችግሩ ፒኖቹ ያሉት ስምንት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ መሆኑ ነው። ወረንጦ በአፉ በኩል አይደርስም፣ ቢደርስም አይከፈትም። ረጅም መርፌ በቀጭን እንጨት ላይ በፕላስተር አስራችሁ ፒኑን ከጎኑ ቀስ እያላችሁ መመለስ ትችላላችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዕድላችሁ፣ ወዲህ ወዲያ የተባለ ፒን ይሰበራል። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ስጡት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሳይሆን ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት። አጉሊ መነጽሩም፣ ሹል ወረንጦውም፣ የረጋ እጁም ያለው እዚያ ነው። ላፕቶፑን ከላይ ከፍቶ ፒኖቹን ፊት ለፊት ያገኛቸዋል።

ገባ፣ ግን ዝም አለ

ካርዱ ጥግ ድረስ የገባ ይመስላል። ማሽኑ ግን ድምፅም የለ፣ መልእክትም የለ። ከገባ ለምን አይታወቅም?

መልሱ በፒኖቹ ርዝመት ላይ ነው። ስድሳ ስምንቱ እኩል አይደሉም። ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ረጅሞቹ ናቸው፣ 5 ሚሊሜትር። መረጃ የሚያመላልሱት አጠር ይላሉ። «ካርድ ገብቷል» ብለው የሚያሳውቁት ሁለቱ ደግሞ ከሁሉም ያጥራሉ፣ 3.5 ሚሊሜትር። እንዲህ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ማሽኑ ካርዱን ማናገር የሚጀምረው ሌላው ሁሉ ከተገናኘ በኋላ እንዲሆን ነው። ሁለቱ አሳዋቂዎች ደግሞ በረድፉ ሁለት ዳርቻ ላይ ናቸው የተቀመጡት፣ ተራ ቁጥራቸው 36 እና 67። ካርዱ ዘመም ብሎ ከገባ አንዱ ነክቶ ሌላው አይነካም። ስለዚህ የቀረችው አንድ ሚሊሜትር ናት ካርዱን የደበቀችው። የላፕቶፕ መሸፈኛ ላስቲክ ካለው አውልቁት። የካርዱ አንቴና ወፈር ያለ ከሆነ የማሽኑን ጠርዝ እየነካ ቀድሞ ይቆማል፤ ሁለት አፍ ካለ በሌላኛው ሞክሩ።

እሱም ካልሆነ ካርዱን ጥቂት ጊዜ አስገብታችሁ አውጡት። ፒኖቹ ላይ የተቀመጠው ዝገት መሰል ነገር በዚያ ይፋቃል። ከዚያ ማንኛውንም ሌላ ፒሲ ካርድ፣ ሞደምም ይሁን ምን፣ ተውሳችሁ ሞክሩ። ሌላው ከታወቀ ማስገቢያው ደህና ነው። ሌላውም ካልታወቀ ዲቫይስ ማኔጀር (ዊንዶውስ የማሽኑን ዕቃዎች የሚዘረዝርበት ቦታ) ውስጥ የካርዱ ተቆጣጣሪ መኖሩን እዩ። ጭራሽ ከሌለ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ የሚገባበት የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡ። የመሥሪያ ቤት ማሽኖች ላይ ሠራተኛ መረጃ ቀድቶ እንዳይወጣ ተብሎ ማስገቢያው የተዘጋበት ጊዜ አለ። ሰው ፒን ሲያቃና ይውልና ጉዳዩ አንድ ምርጫ ሆኖ ይገኛል።

ካርዱ ታውቆ «ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) የለም» ከተባለ የካርዱን ስም ሳይሆን ውስጡ ያለውን ቺፕ ፈልጉ። ስሙ አያስተማምንም። የዲ-ሊንኩ ዲደብልዩኤል-ጂ650 የአቴሮስ ቺፕ ነው ያለው። መጨረሻው ላይ የመደመር ምልክት ያለው ወንድሙ ግን ቺፑ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው። ያንዱ ድራይቨር ለሌላው አይሆንም። ማሽኑን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የማዛወር ሐሳብ ካላችሁ በዘመኑ የነበሩት የአቴሮስ ካርዶች እዚያ ላይ ምንም ሳትጭኑ ይሠራሉ። እኔ ብሆን ያንን ነው የምፈልገው።

ታወቀ፣ ኔትወርኩ ግን አይታይም

እዚህ ጋ ብረቱ ነፃ ወጥቷል። የቀረው የራውተሩ ነው።

802.11ቢ የሚሉት የዋይፋይ ካርዶች ትውልዳቸው እ.ኤ.አ. 1999 ነው፣ ጣሪያቸው 11 ሜጋቢት። 802.11ጂ በ2003 መጣ፣ 54 ሜጋቢት። ሁለቱም የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያሰራጭ ከሆነ ካርዱ ምንም አያይም። ደብልዩፒኤ2 የሚባለው የይለፍ ቃል ጥበቃ አዲስ ለሚመሰከርላቸው ዕቃዎች ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2006 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ካርድ ሊችለውም ላይችለውም ይችላል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ከሆናችሁ ደብልዩፒኤ2 እንዲሠራ ሰርቪስ ፓክ 3 የሚባለውን ማሻሻያ ጫኑ።

አንዱን ደግሞ እኛ አገር ልብ በሉት። ብዙ ላፕቶፕና ካርድ የሚመጣው ከአሜሪካ ነው፣ ወይ በዘመድ ሻንጣ ወይ ባገለገለ ዕቃ ነጋዴ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ካርድ ከ1 እስከ 11 ያሉትን ቻናሎች ብቻ ነው የሚያየው። ራውተራችሁ ቻናል በራሱ እንዲመርጥ ተትቶ 12ን ወይም 13ን ከመረጠ የቤቱ ስልክ ሁሉ ይገናኛል፤ ላፕቶፑ ግን ኔትወርኩ የሌለ ያህል ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጉት።

ይህን ሁሉ ከምታደርጉ የዩኤስቢ ዋይፋይ ለምን አትገዙም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ላፕቶፑ ዩኤስቢ 2.0 ካለውና ለዋይፋዩ ድራይቨር ከተገኘ ፒን ማቃናቱን ተዉት። እ.ኤ.አ. ከ2002 በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ግን ያላቸው ዩኤስቢ 1.1 ነው፣ እሱ ደግሞ ከ12 ሜጋቢት አያልፍም። ካርድባስ በ32 ቢትና በ33 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ በሰከንድ 133 ሜጋባይት ድረስ ያሳልፋል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ካርዱ ነው የሚያዋጣው።